«ጥልቀቱ 10 ኪሎ ሜትር» እና ሌሎች በርዕደ መሬት ክትትል ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

በስምጥ ሸለቆ ካሉት ከፈንታሌና ከዶፈን እሳተ ገሞራዎች መንቀጥቀጥ ወዲህ ወደዚህ ሙያ የሚመጣው ወጣት በዝቷል፣ በጣም ደስ ይላል። ግን ያው ስህተት ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ የጥልቀት ነገር። እባካችሁ፣ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ዝርዝር ላይ «ጥልቀት 10 ኪ.ሜ.» የሚል ስታዩ ብዙ ጊዜ ያ የተለካ ቁጥር አይደለም። ያለው ዳታ ጥልቀቱን መለየት ሲያቅተው ስሌቱ እንዲያልቅ ተብሎ የሚያዝ ቋሚ ቁጥር ነው። አንድ ተማሪ የስምጥ ሸለቆውን ቁመታዊ ቁራጭ ሥሎ አመጣልኝ፣ መንቀጥቀጦቹን የሚያሳዩት ነጠብጣቦች በሙሉ 10 ላይ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል፣ ከሥራቸው «የማግማ ንጣፍ» (የቀለጠ ድንጋይ ንጣፍ) ብሎ ጽፎበታል። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሥዕሉም ያምራል፣ ግን የሣለው ኮምፒውተሩ የያዘውን መነሻ ቁጥር ነው። ይሄንኑ ነገር ከዚያ በኋላ በዜናም፣ በፌስቡክም፣ በመመረቂያ ጽሑፍም አይቼዋለሁ፣ «ሁሉም ከ10 ኪሎ ሜትር ነው የሚነሱት ስለዚህ ምንጩ አንድ ነው» ተብሎ ድምዳሜ ሁሉ ተሰጥቶበታል።

ለምን እንደዛ እንደሚሆን በቁጥር ላሳያችሁ። አዲስ አበባ አጠገብ ፉሪ ተራራ ላይ ያለው የመንቀጥቀጥ መለኪያ ስቴሽን ከፈንታሌ በቀጥታ መስመር ከ130 ኪ.ሜ. በላይ ይርቃል። መንቀጥቀጡ 5 ኪ.ሜ. ላይ ቢነሳም 10 ኪ.ሜ. ላይ ቢነሳም የመጀመሪያው ሞገድ ፉሪ ሲደርስ ያለው ልዩነት በግምት 0.05 ሴኮንድ ነው። ያውም የተነሳበት ሰዓት ራሱ አብሮ የሚሰላ እንጂ የሚታወቅ አይደለም፣ ያቺን ትንሽ ልዩነት እሱ ይውጣታል። ስቴሽኑ 5 ኪ.ሜ. ርቀት ላይ ቢሆን ግን ልዩነቱ 0.7 ሴኮንድ ገደማ ይሆናል፣ ይሄን በዓይን ታዩታላችሁ። ጥልቀት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ አንድ ስቴሽን ከመነሻው በላይ፣ ከጥልቀቱ ባልበለጠ ርቀት ውስጥ ያስፈልገዋል፣ ሌላ አቋራጭ ብዙም የለም። ማግማው 10 ላይ ነው ወይስ 3 ላይ የሚለው ሰው ከቀዬው ይነሳ አይነሳ የሚወሰንበት ጥያቄ ነውና በግምት ቁጥር አትመልሱት። ቋሚ ጥልቀት የተሰጣቸውን ለይታችሁ በሌላ ቀለም ሣሏቸው፣ ካልሆነ አውጧቸው።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። የዓለም የመንቀጥቀጥ ካታሎግ (ዝርዝር) የሚጻፈው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው፣ እኛ 3 ሰዓት እንቀድመዋለን፣ ሰው ደግሞ የሚነግራችሁ በአበሻ ሰዓት ነው። የታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ትልቁ መንቀጥቀጥ ሰዉ «ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ሲል» ይላችኋል፣ ዩቲሲ ላይ ግን ገና እኩለ ሌሊት ማለፉ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቢሆን ኖሮ ዩቲሲ ላይ ቀኑ ራሱ የትናንት ነበር። ኤክሴል ላይ ሁለቱን ቀላቅሎ አንዱን መንቀጥቀጥ ሁለት ጊዜ የቆጠረ ሰው አጋጥሞኛል፣ ቁጥሩም ሪፖርት ውስጥ ገብቶ ነበር። ሰዓት ስትጽፉ የማን ሰዓት እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

ሦስተኛው «ዋናው መንቀጥቀጥ አልፏል፣ አሁን የቀረው ተከታዩ ነው» ማለት ነው። ይሄ ልቤን ያደማኛል ምክንያቱም ሰው አምኖት ወደ ተሰነጠቀ ቤቱ ይመለሳል። ዋናው መጥቶ ተከታዮቹ እየቀነሱ የሚሄዱት አንድ የመሬት ስብራት ድንገት ሲንሸራተት ነው። በፈንታሌና በዶፈን የሆነው ግን ማግማ በመሬት ሥር እየሰነጠቀ ሲሄድ የሚፈጠር ነው፣ ማግማው እስከተጓዘ ድረስ መንቀጥቀጡም አብሮት ይጓዛል፣ ትልቁ መጀመሪያም መጨረሻም ሊመጣ ይችላል። በታኅሣሥ መጨረሻ ትልቅ የተባለው መጣ፣ ብዙ ሰው «በቃ» አለ፣ ከዚያ የካቲት 7 ሌሊት መጠኑ 6.0 የሆነ ተመዘገበ። ቁጥር ቀነሰ ብላችሁ ብቻ አበቃ አትበሉ፣ የነጠብጣቦቹ ቦታ ወዴት እየሄደ እንደሆነ በየቀኑ እዩ።

መንቀጥቀጥ ሌሊት ይበዛል የሚባለውም አለ። ቀን ላይ ንፋሱ፣ መኪናው፣ ሰዉ ሴንሰሩን ስለሚያውከው ትንንሾቹ ገበያ መሐል እንደተነገረ ሹክሹክታ ይጠፋሉ፣ ሌሊት ጸጥ ሲል ይሰማሉ፣ ሰውም ተኝቶ ስለሆነ ትንሹን ያውቀዋል። አዲስ ስቴሽን በተተከለ ማግስትም ቁጥር ይጨምራል፣ መሬቱ ስለባሰበት አይደለም። በማንኛውም ሰዓት ሊያመልጧችሁ የማይችሉትን ትልልቆቹን ብቻ ይዛችሁ አወዳድሩ።

የሳተላይት ራዳር ሥዕል ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። ኢንሳር የሚባለው ይሄ ሥዕል የሁለት ቀን የራዳር ምስል ተጣምሮ የሚሠራ ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ሴንቲኔል-1 በሚባለው ሳተላይት ላይ አንድ የቀለም ዙር መሬቱ ወደ ሳተላይቱ 2.8 ሴ.ሜ. ያህል ቀረበ ወይም ራቀ ማለት ነው። ግን አየር ውስጥ ያለ እርጥበትም ያንኑ ቀለም ይሠራል፣ በተለይ ተራራ ዙሪያ፣ እና ጀማሪው አንድ ሥዕል ይዞ «ፈንታሌ አብጧል» ብሎ ፖስት ያደርጋል። የጋራ ቀን የሌላቸው ሌሎች ጥንዶችን ሥሩ፣ እብጠቱ አንድ የተወሰነ ቀን ያለበት ጥንድ ላይ ብቻ ከታየ የዚያ ቀን አየር ነው። ሳተላይቱ የሚያየው በአንድ ሰያፍ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነም ወደ ሰሜን ሲሄድ ያነሳውንና ወደ ደቡብ ሲሄድ ያነሳውን ሥዕል ሁለቱንም ሳታዩ መሬቱ «ከፍ አለ» ወይም «ወደ ጎን ሄደ» ለማለት አትቸኩሉ። የመተሐራና የከሰም ሸንኮራ እርሻ ላይ የሚታየው ብጥብጥ ደግሞ ተክሉ ነው፣ ምንም ፊልተር አያድነውም፣ ተዉት።

ሴንሰር ዛፍ ሥር፣ የውሃ ፓምፕ አጠገብ፣ አስፋልት ዳር አትትከሉ። ባዛልት ላይ ኮምፓስ አትመኑ፣ ድንጋዩ ራሱ መርፌውን ይስበዋል። ባትሪውን ከአፋር ሙቀት ጠብቁ።

ስቴሽን የሌለበትን ቦታ ጸጥ ያለ ነው ብሎ መውሰድም አደገኛ ነው። አፋር ውስጥ ያለው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ኅዳር 14 ቀን 2018 ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደረሰ፣ ብዙ ሰው «ያለ ምልክት» አለ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በሐምሌ ግን ጎረቤቱ ኤርታ አሌ ተቀስቅሶ ነበር፣ ማግማም በመሬት ሥር ወደ ደቡብ መሄዱን ሳተላይት አሳይቷል። ቅርብ ስቴሽን ከሌለ ትንንሾቹን የሚመዘግብ የለም፣ ካርታው ላይ ባዶ የሆነውን ቦታ «አልተለካም» ብላችሁ ጻፉበት።

የመጨረሻው የመሬቱን እንቅስቃሴ የምንለካበት ጂፒኤስ ነው። ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በዓመት 5 ሚ.ሜ. ገደማ ይሰፋል፣ የክረምት ውሃ ክብደት ብቻ ነጥቡን ከዚያ በላይ ከፍ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል፣ ስለዚህ የጥቂት ወር ዳታ ይዛችሁ ፍጥነት አትናገሩ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ተኩል ጠብቁ። በሌላ በኩል ያንን አማካይ ይዞ «በዓመት ሚሊሜትር ነው፣ ምንም አይመጣም» ማለትም አይሆንም። በመስከረም 1998 አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ 60 ኪ.ሜ. የሚረዝም መሬት በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል፣ የመቶዎች ዓመት ድርሻውን ባንዴ ማለት ነው። ያኔ ከመሬቱ አመድ ሲወጣ በዓይናቸው ያዩት እዚያው የሚኖሩት የአፋር አርብቶ አደሮች ናቸው። ስለዚህ ሜዳ ስትወጡ ዕቃውን ከማውረዳችሁ በፊት አስተርጓሚ ይዛችሁ ሽማግሌዎቹ ጋ ሂዱ፣ ስንጥቁ መቼ እንደታየ፣ ከዝናብ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ እንፋሎት የት እንደጀመረ ጠይቁ፣ የነገሯችሁን ከነቦታው ከነቀኑ መዝግቡ።