ቆየት ያሉ የሬዲዮ ድራማዎችን ለአማርኛ ትምህርት መጠቀም

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ አማርኛ የምናስተምር መምህራን በአንድ ክፍል ውስጥ በአማርኛ አፉን የፈታ ልጅና በቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው እናገኛለን። ለሁለቱም የሚጠቅም መሣሪያ ሆኖ ያገኘሁት ቆየት ያለ የሬዲዮ ድራማ ነው፤ ፊደላችን የማይጽፈውን መጥበቅና መላላት ያሰማልና።

ምርጫው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ 257 ክፍሎች ነበሩት፤ እንዲህ ያለውን ሥራ ሙሉውን ማሰማት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች የሚነጋገሩበት የሦስት ደቂቃ ቁራጭ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ብዙዎቹ ድራማዎች ለአዋቂዎች የተዘጋጁ ስለሆኑ መምህሩ የመረጠውን ቁራጭ አስቀድሞ እስከ መጨረሻው ያዳምጥ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስፒከሩን ቻርጅ አድርጎ መግባት ይሻላል።

በመጀመሪያው ማዳመጥ ደብተር ይዘጋ። ሰሌዳው ላይ «የት ናቸው? እርስ በርሳቸው ምን ይሆናሉ?» የሚሉ ጥያቄዎች ብቻ ይጻፉ። ሬዲዮ መልክ ስለማያሳይ ደራሲው ቦታውን በስኒ ኳኳታና በበር ድምፅ፣ ዝምድናውን ደግሞ በአጠራር ይነግረናል። እስካሁን «እርስዎ» ሲባል የቆየው ሰው በድንገት «አንተ» ቢባል በመካከላቸው ምን እንደተፈጠረ ተማሪዎቹ ይከራከሩበት፤ የመናገር ትምህርቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ማዳመጥ የቃላት ነው፤ እኔ ከክፍለ ጊዜው ብዙውን የምሰጠውም ለዚህ ነው። አንድ ቀን «ገና ነው» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና እንዲያነቡ ጠየቅኋቸው፤ ግማሾቹ «ና»ን አጥብቀው በዓሉን አነበቡ። ቀጥሎ እንግዳው «ልሂድ» ሲል የቤቱ እመቤት «ኧረ ገና ነው!» የምትልበትን ቦታ ከፈትኩላቸው። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «ላልቶ ነው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲህ «ዋና»፣ «አለ»ና «ይሰማል» የመሳሰሉ ቃላት ባጋጠሙ ቁጥር በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ ያደርጋሉ።

ለጽሕፈት ምልልሱን ወደ ትረካ ያስለውጡ። «እመጣለሁ አለች» የሚለው «እንደምትመጣ ተናገረች» ሲሆን መደቡ ስለሚቀየር፣ ተማሪው ተናጋሪዋን ከተራኪው መለየት ግድ ይሆንበታል። ስሕተቱን በቀይ እስክሪብቶ ከማረም በፊት ድምፁን መልሶ ማሰማት ይበልጣል፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ያርሙታል።

በመጨረሻም ቁራጩን አንዱ ተናጋሪ መልስ ሊሰጥ ሲል ያቁሙት፤ ተማሪዎቹ ቀጣዩን ንግግር በአራት በአራት ሆነው ጽፈው በስልክ ይቅዱ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ የእነሱን፣ ቀጥሎ የድራማውን ያሰሙ።