ጀግናው «ነጭ አዳኝ» ነው? ስንፈርድ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ፊልም ታያላችሁ። መጨረሻው ላይ አንድ ሕዝብ ከጦርነት ወይም ከውርደት ይተርፋል። ያተረፈው ግን ከመካከሉ የወጣ ሰው አይደለም። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው። ትናንት ቋንቋቸውን የማያውቅ፣ ዛሬ ከፊታቸው የሚሰለፍ። ይህን ዓይነት ገጸ ባሕርይ ተቺዎች «ነጭ አዳኝ» ይሉታል። (አዳኝ የሚለው ላልቶ ይነበብ። ነፍስ የሚያድነው ነው እንጂ አውሬ የሚያድነው አይደለም።)

ስያሜው ጠቃሚ ነው። አጠቃቀማችን ላይ ግን ችግር አለ። አንዱ ያየው ነጭ ጀግና ላይ ሁሉ ይለጥፈዋል። ሌላው የሚወደው ፊልም ሲነካበት ይቆጣል። እኔም ከጓደኞቼ ጋር በዚህ ጉዳይ ስንት ሌሊት ተከራክሬያለሁ። ከዚያ ሁሉ ክርክር የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ናት፤ ታሪኩን ያዞረው ውሳኔ የማን ነው? ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ሳይጠይቁ ከመፍረድ የሚመጡ ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዷቸው።

ቆዳውን ብቻ አይቶ መፍረድ

በ2018 የወጣውን «ብላክ ፓንተር» ውሰዱ። ኤቨረት ሮስ የሚባል ነጭ የሲአይኤ ሰው አለበት። ይቆስላል፤ ዋካንዳ የምትባለው ምናባዊ የአፍሪካ አገር ሰዎች ወስደው ያክሙታል። መጨረሻ ላይ የጦር መሣሪያ የጫኑትን በራሪዎች መትቶ ይጥላል። ትልቅ ሥራ ነው። ግን ያዳኑት እነሱ ናቸው፤ ሥራውንም የሰጠችው የንጉሡ እህት ሹሪ ናት። ረዳት ነው፤ ረዳት መሆን ደግሞ ነውር የለውም። ነጭ ሰው ጥሩ ነገር ሠራ ማለት ነጭ አዳኝ ሆነ ማለት አይደለም።

«ደግ ሰው እኮ ነው!»

ከሁሉ አብዝቼ የምሰማው መከራከሪያ ይሄ ነው። ጀግናው ይወዳቸዋል፣ ነፍሱን ሊሰጥላቸው ዝግጁ ነው፣ ለራሱ የሚያተርፈው ነገር የለም። ታዲያ በምኑ ይወቀሳል?

ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ነጭ አዳኝ ደግ ካልሆነ ነጭ አዳኝ አይሆንም። ክፉ ቢሆንማ ወራሪ ብለነው እናልፍ ነበር። በ1899 ሩድያርድ ኪፕሊንግ አሜሪካ ፊሊፒንስን እንድትይዝ የሚወተውት ግጥም ጻፈ። ርእሱ «የነጭ ሰው ሸክም» የሚል ነው። ግጥሙ ውስጥ ያለው ነጭ ዘራፊ አይደለም። ልጆቹን ባዕድ አገር የሚልክ፣ ረሃብን የሚያጠግብ፣ በሽታን የሚያስቆም፣ በምላሹ ወቀሳ ብቻ የሚያገኝ ሰው ነው። በእጁ የገባውን ሕዝብስ ግጥሙ ምን ይለዋል? ግማሽ ሰይጣን፣ ግማሽ ሕፃን።

አያችሁ አሠራሩን? የአንዱ ደግነት እንዲጎላ ሌላው ማነስ አለበት። አዋቂ ሰው ሕፃን ካልሆነ የሚያሳድገው አይኖርም። ስለዚህ የጀግናውን ልብ መመርመር ብዙ አያዋጣም። ይልቅ በዙሪያው ያሉት ሰዎች ምን ያህል አእምሮ ተሰጣቸው ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ያቅዳሉ? እርስ በርሳቸው አይስማሙም? ይሳሳታሉ? ወይስ ወይ ያለቅሳሉ፣ ወይ ያመሰግናሉ?

«ተሸንፏል፣ ስለዚህ አዳኝ ሊባል አይችልም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ ከባድ ነው።

በ1960 የወጣው የሃርፐር ሊ «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ውስጥ አቲከስ ፊንች የሚባል ነጭ ጠበቃ አለ። ሴት ደፈረ ተብሎ በሐሰት ለተከሰሰው ጥቁር፣ ለቶም ሮቢንሰን፣ ጥብቅና ይቆማል። ይሸነፋል። ቶምም ከእስር ሊያመልጥ ሲሞክር በ17 ጥይት ተመትቶ ይሞታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ክርክሩን ይዘጋዋል፤ ማንን አዳነና ነው?

አዳኝነት ግን በውጤት ብቻ አይለካም። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ያለውን ትዕይንት አስታውሱ። ጥቁሮቹ ሰገነት ላይ ናቸው፤ ታች ከነጮቹ ጋር መቀመጥ አይችሉም። ቶም ጥፋተኛ ተብሏል። አቲከስ ወረቀቱን ሰብስቦ ብቻውን ይወጣል። በዚህ ጊዜ ሰገነቱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሣል። ቄስ ሳይክስ የአቲከስን ልጅ ስካውትን አንቺም ተነሺ፣ አባትሽ እያለፈ ነው ይሏታል።

መጀመሪያ ሳነበው እንባዬ መጥቷል። ቆይቼ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የተፈረደበት ሰው እኮ የእነሱ ነው። አብሯቸው የኖረ ጎረቤታቸው ነው። በዚያች ደቂቃ ሐዘን አለ፣ ቁጣ አለ፣ ነገ የእኔ ልጅ ይሆናል የሚል ፍርሃት አለ። ገጹ ላይ የምናየው ግን ለጠበቃው ያላቸውን አክብሮት ብቻ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ የአቲከስ ወጥ ቤት ጥቁሮቹ በላኩት ምግብ ሞልቶ ይገኛል።

የቶም ሚስት ሄለንስ? ባሏ ከሞተ በኋላ አቲከስ መርዶ ሊነግራት ይሄዳል። ያንን ደቂቃ እኛ በቦታው ሆነን አናየውም። አብሮ የሄደ ልጅ ነው ለስካውት የሚያወራላት። ጉልበቷ ከድቷት መሬት ላይ መውደቋን የምንሰማው በሌላ ሰው አፍ ነው። የመጽሐፉ ትልቁ ሐዘን የእሷ ነው፤ እሷ ግን በወሬ ነው የደረሰችን።

ለፍትሕ ያህል፣ ተራኪዋ ትንሽ ልጅ ናት። አባቷን የምታየው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ግዙፍ ሆኖ ቢታያት አይገርምም። ይህን ተቀብዬም፣ እኔ አቲከስን ከነጭ አዳኝ ብዙም አላርቀውም። ክሱን ተሸንፏል፤ ታሪኩን ግን ሙሉ በሙሉ ወስዶታል።

የመጨረሻውን ፍላጻ ማን ወረወረ ብሎ መቁጠር

በ2009ኙ «አቫታር» ዋናውን ጠላት የምትገድለው ናቪ ከሚባሉት ሰማያዊ የአገሬው ፍጡራን አንዷ የሆነችው ኔይቲሪ ናት። ጀግናውን ጄክ ሱሊንም ከሞት የምታተርፈው እሷ ናት። ስለዚህ አዳኟ እሷ ናት የሚል ክርክር አለ። የሚያሳምን ይመስላል።

ግን የታሪኩ መታጠፊያ ያ ፍላጻ አይደለም። ቶሩክ የሚባለውን ግዙፍ በራሪ አውሬ በዘመናት ሁሉ መጋለብ የቻሉት አምስት ናቪዎች ብቻ እንደሆኑ ቀደም ብሎ ተነግሮናል። ስድስተኛው ማን ሆነ? ከወራት በፊት ከምድር የመጣው የቀድሞ ወታደር። ጎሳዎቹን ዞሮ የጠራውስ? እሱ። እዚያ ተወልደው፣ ሌሎች በራሪ አውሬዎችን እየጋለቡ ያደጉ ሰዎች ያላሰቡትን እሱ አሰበ። መታጠፊያው እዚያ ጋ ነው። ኔይቲሪ ውጊያው ውስጥ ታላቅ ናት፤ ግን ቀድሞ በተወሰነ ነገር ውስጥ ነው የምትዋጋው።

እነሱ እኮ ሰማያዊ ፍጡራን ናቸው፣ ከዘር ጋር ምን አገናኘው የሚለውም ብዙ አያስኬድም። ቀለሙ ሊቀየር ይችላል። አንዱ ማዕድን ፍለጋ ከመጣው ኃይል ወገን፣ ሌላው መሬቱ ከሚቆፈርበት ወገን መሆኑ ግን አልተቀየረም።

በተቃራኒው በ2003ቱ «ዘ ላስት ሳሙራይ» ውስጥ አሜሪካዊው አልግረን ማንንም አያድንም። የሚማረከው እሱ፣ የሚማረው እሱ፣ ከመጠጥና ከጸጸት የሚወጣው እሱ ነው። ለመዋጋት የሚወስነው የሳሙራዮቹ መሪ ካትሱሞቶ ነው፤ ይሞታልም። እዚህ ድረስ ነጭ አዳኝ ለማለት ይከብዳል። ከዚያ ግን አልግረን የካትሱሞቶን ጎራዴ ይዞ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ይቀርባል፣ ወጣቱ ንጉሥም ከአሜሪካ ጋር ሊዋዋል የነበረውን ውል ይተዋል። ጃፓናዊው ሞቶም ለገዛ ንጉሡ በራሱ ሰው አንደበት አልተናገረም። አንድ ፊልም ሁለት ሰዓት ሙሉ በጥንቃቄ ተጉዞ መጨረሻ ላይ እንደዚህ ሊያንሸራትት ይችላል።

ማሳየትን ከማወደስ አለመለየት

የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» ሲነሳ ሁለቱም ወገን ይቸኩላል። አንዱ «በረሃ ላይ ላሉት ፍሬመኖች መሪ የሆነ የመስፍን ልጅ፣ በቃ ነጭ አዳኝ» ይላል። ሌላው «አይ፣ መጽሐፉ የሚተቸው ያንን ነው» ብሎ ይዘጋዋል።

ሁለተኛው ወደ እውነቱ ይቀርባል። በ1965ቱ መጽሐፍ ፍሬመኖች የሚጠብቁት ትንቢት ከሰማይ የወረደ አይደለም። ቤኔ ጌሰሪት የሚባሉ ሴቶች አስቀድመው ሆን ብለው የዘሩት ነው፤ አንድ ቀን ከእነሱ ወገን የሆነ ሰው ሲቸገር እንዲጠቀምበት። የመስፍኑ ልጅ ፖል አትሬይዲስ እናቱን ይዞ በረሃ ሲገባ ያ የተዘራው በቅሎ ጠበቀው። በ1969 በወጣው ቀጣይ መጽሐፍ ፖል ራሱ በስሙ የሞቱትን ሲቆጥር 61 ቢሊዮን ይደርሳሉ። አዳኙ እንዲህ ነው ያዳነው። በ2024ቱ ፊልም ደግሞ ሌሎቹ ሲንበረከኩ ፍሬመናዊቷ የፖል ፍቅረኛ ቻኒ አትንበረከክም። ጥላቸው ትወጣለች፣ ፊልሙም በእሷ ፊት ይዘጋል።

ይህን ሁሉ ይዤም ክርክሩን አልዘጋውም። ትችቱ የሚደርሰው እስከ መጨረሻው ላነበበ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ ፖል የመጀመሪያውን አሸዋ ትል ሲጋልብ ልባችን አብሮት ነው የሚጋልበው። ደግሞም ፍሬመኖች ተታለው እንኳ ታሪክ የሚሠሩት ከላይ የመጣ ሰው ሲመራቸው ነው። ስለዚህ «ይተቻል» የሚለው መልስ ግማሽ መልስ ነው። በየትኛው ገጽ ይተቻል፣ በየትኛው ገጽ ያስጨበጭባል? ይህን ለይቶ መናገር ያስፈልጋል።

ከፖስተር መፍረድ

ይሄኛው አጭር ነው። በ2016 «ዘ ግሬት ዎል» ገና ሳይወጣ፣ ነጩ አሜሪካዊ ተዋናይ ማት ዴመን ፖስተሩ ላይ ስላለ ብቻ ተፈርዶበት ነበር። ፊልሙን ያየ ሰው የሚያገኘው በቻይናውያን የሚመራ ትልቅ ሠራዊት ነው፤ የጭራቆቹን ንግሥት የምትገድለውም ጄኔራል ሊን ሜይ ናት። ያለ እንግዳው እርዳታ አይደለም፤ ስለዚህ ክርክሩ አለ። ግን አይቶ መከራከር ነው።

ስሙን እንደ ስድብ መወርወር

ፊልሙ ነጭ አዳኝ አለበት ማለት ፊልሙን የወደደ ሰው ዘረኛ ነው ማለት አይደለም። አቲከስን እያነበበ ሕግ ለመማር የወሰነ ሰው ያገኘው ነገር እውነተኛ ነው። ስድብ ሲመጣ ሰው ፊልሙን መመርመር ትቶ ራሱን መከላከል ይጀምራል፤ ውይይቱም እዚያው ይሞታል።

«እውነተኛ ታሪክ ነው፣ ምን ይደረግ?»

እውነተኛ ታሪክም መራጭ አለው። በ1987 የወጣው «ክራይ ፍሪደም» ስለ ደቡብ አፍሪካዊው ታጋይ ስቲቭ ቢኮ ነው ተብሎ ይታወቃል። ቢኮ በ1977 በፖሊስ እጅ እያለ መሞቱ እውነት ነው። ጋዜጠኛው ዶናልድ ዉድስ ከአገር ማምለጡም እውነት ነው። ፊልሙ ግን ቢኮ ከሞተ በኋላ ረጅም ጊዜ ይቀረዋል፤ ያ ጊዜ የተሰጠው ለነጩ ጋዜጠኛና ለቤተሰቡ ማምለጥ ነው። የተዋሸ ነገር ባይኖርም ካሜራው ማንን ተከትሎ እንደሄደ ማየት ይቻላል።

አንዳንዴ ደግሞ ፈጠራ ይጨመራል። «ሂድን ፊገርስ» በ2016 ወጣ። በናሳ ስለሠሩ ሦስት ጥቁር ሴቶች ነው፤ ዋናዎቹ ጀግኖች እነሱ ናቸው። ስለዚህ ብዙ ሰው ይህ ፊልም ላይ ጥያቄው አይነሳም ይላል። ፊልምን በጅምላ መፈረጅ ራሱ ስህተት ነው የምለው ለዚህ ነው። አንድ ትዕይንት ብቻውን ሊያንሸራትት ይችላል።

ትዕይንቱን ታስታውሱ ይሆናል። የሂሳብ ሊቋ ካትሪን ጆንሰን የጥቁሮች መጸዳጃ ፍለጋ ሌላ ሕንጻ ድረስ ትሮጣለች። አንድ ቀን በዝናብ በስብሳ ትመለሳለች፣ አለቃዋ የት ነበርሽ ሲላት ትፈነዳለች። ከዚያ በኬቨን ኮስትነር የተሠራው አለቃ ሄዶ የመጸዳጃውን «የጥቁሮች» የሚል ሰሌዳ ሰው ሁሉ እያየው እየደበደበ ይጥለዋል። ሴቶቹ ቆመው ያያሉ።

አለቃው በእውን የነበረ ሰው አይደለም፤ ከብዙ ሰዎች የተቀመመ ነው። ሰሌዳውን መስበሩም የፊልሙ ፈጠራ ነው። እውነተኛዋ ካትሪን ምልክት የሌለበትን፣ የነጮች የሚባለውን መጸዳጃ በራሷ ጊዜ ትጠቀም ነበር። ቅሬታ ሲመጣም አልተወችውም። ማንም ሰሌዳ እንዲሰብርላት አልጠበቀችም።

በእጅ የተነሳ ምልክት ግን እውነትም ነበር። ያነሳችው «ሚርያም ማን» የምትባል ሴት ናት፤ ካትሪን በሠራችበት በላንግሊ የምርምር ማዕከል ከመጀመሪያዎቹ ጥቁር የሂሳብ ሠራተኞች አንዷ። በ1940ዎቹ የመመገቢያ አዳራሹ ውስጥ፣ ጥቁሮቹ ከሚቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ቦታቸውን የሚያመለክት ትንሽ ካርቶን ይቆም ነበር። ሚርያም አነሳችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሌላ ተተካ። እሱንም ከተተችው። ባሏ በዚህ ሰበብ ከሥራ ያባርሩሻል ብሎ ፈራላት፤ ያባርሩኛ አለችው። እንደገና ተተካ፣ እንደገና ከተተችው። አንድ ቀን ለምሳ ሲገቡ ጠረጴዛው ላይ ምንም አልነበረም።