ሆስቲንግ ቀይረው ዳታቤዞችዎን ከማዋሃድዎ በፊት

አዲሱ ሆስቲንግ (ዌብሳይታቸው የሚቀመጥበት ኪራይ ሰርቨር) ሰፊ ቦታ ስለሰጣቸው ብቻ የተከፋፈሉ ዳታቤዞቻቸውን፣ ማለትም የዌብሳይቱን መረጃ ማከማቻዎች፣ አንድ ለማድረግ የሚቸኩሉ ሰዎች ይደውሉልኛል። መጀመሪያ የምጠይቀው፦ ድሮ ለምን ተከፋፈሉ? የቀድሞው ሆስቲንግ ለአንድ ዳታቤዝ የፈቀደው መጠን ሞልቶ የአንድ ዌብሳይት መረጃ ለሁለት ተከፍሎ ከሆነ፣ ያዋህዱት። ብሎጉና ሱቁ ለየብቻ የሚሠሩ ከሆነ ግን ይተዉአቸው። ለየራሳቸው ዳታቤዝ፣ ዩዘርና የይለፍ ቃል ካላቸው የአንዱ የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ሌላውን አይከፍትም።

«ፍጥነት ይጨምራል» ብሎ ማዋሃድ። አይጨምርም። ዳታቤዞቹ አንድ ሰርቨር ላይ ካሉና ዩዘሩ የሁለቱም ፈቃድ ካለው፣ ዳታቤዙን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ማይኤስኪውኤል ቴብሎቻቸውን (መረጃው የተደረደረባቸውን ሰንጠረዦች) ሳይዋሃዱም በአንድ ትእዛዝ ያገናኛል።

የሚያንገበግበኝ ግን ይኼኛው ነው። በዎርድፕረስ (በዌብሳይት መሥሪያ ፕሮግራሙ) የተሠሩ ሁለት ሳይቶች አሉ፤ የሁለቱም ቴብሎች ስም በ«ደብሊውፒ» ይጀምራል። ሰውየው የሁለተኛውን ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) በመጀመሪያው ዳታቤዝ ላይ ይጭናል። በማይኤስኪውኤልደምፕ፣ በማይኤስኪውኤል ባክአፕ ማውጫ መሣሪያ፣ የወጣ ፋይል ደግሞ፣ ካልከለከሉት በቀር፣ ከእያንዳንዱ ቴብል በፊት «በዚህ ስም ቴብል ካለ አጥፋ» የሚል ትእዛዝ ይዟል። ስለዚህ አይቀላቀሉም፤ የመጀመሪያው ይጠፋና ሁለተኛው ቦታውን ይይዛል። የስህተት መልእክት እንኳ አይወጣም! እኔም በጀማሪነቴ የአንድ ደንበኛዬን የዓመታት ጽሑፍ እንዲህ አጥፍቻለሁ። ጽሑፉ የተረፈው የድሮው ሆስቲንግ የተከፈለበት ጊዜ ገና ስላላለቀ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲሱ ቤት ቢያንስ አንድ ወር ሳይሠራ አሮጌውን አልዘጋም።

የቴብሎቹን ስም መነሻ መለወጥ ብቻውንም አይበቃም። በኮንፊግ ፋይሉ (በዎርድፕረሱ ቅንብር ፋይል) ላይ ካስተካከሉት በኋላ እንኳ፣ የተጠቃሚዎችን ሥልጣን የሚወስኑት፣ በኦፕሽንስ ቴብል ያለው «ዩዘር ሮልስ» እና በዩዘርሜታ ቴብል ያለው «ካፓቢሊቲስ»፣ የድሮውን መነሻ እንደያዙ ይቀራሉ። እነሱ ካልተስተካከሉ ባለቤቱ ራሱ ወደ አድሚን ገጹ እንዳይገባ ይከለከላል።

የሁለት ሳይት ተጠቃሚዎችን በአንድ ቴብል መደባለቅ፦ ሁለቱም ቁጥር 1 ተጠቃሚ አላቸው። የአንዱን ቁጥር ሲቀይሩ በጽሑፎቹና በአስተያየቶቹ ላይ ያለው የባለቤት ቁጥርም አብሮ መቀየር አለበት።

አማርኛ ካለበት ደግሞ ዳታቤዙ ፊደሎችን የሚያስቀምጥበትን ኮድ አስቀድመው ይዩ። አሮጌ ዳታቤዝ ብዙ ጊዜ ለላቲን ፊደል የተሠራው ላቲን1 ነው፤ ከማይኤስኪውኤል 8.0 ወዲህ መደበኛው አማርኛንም የሚይዘው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ሆኗል። በዝውውሩ ከተዛነፈና ጽሑፉ «????» ሆኖ ከተቀመጠ፣ ከባክአፕ በቀር ፊደሉን የሚመልስ የለም። እኔ ሁልጊዜ በባዶ ዳታቤዝ ላይ እሞክርና፣ አሥር ያህል ገጾች ከፍቼ «ኘ»ን ከ«ጨ»፣ «ሏ»ን ከ«ቷ» ለይቼ በዓይኔ ሳላነብ ዋናውን አልነካም።