የሞናኮ ግሪማልዲዎችን አርማ ከጋሻው እስከ ባንዲራው እንዴት እንደሚሳል

የአውሮፓ መኳንንት አርማ መጀመሪያ ሲያዩት ያደናግራል፣ ዘውዱ፣ ካባው፣ የላቲን ጽሁፉ፣ ምኑ ቅጡ። ግን አርማ ከስዕሉ በፊት ቃል ነው፣ ምን ምን እንዳለበት የሚናገር አጭር መግለጫ አለው፣ ሰዓሊው ያንን ይዞ በራሱ እጅ ይስለዋል፣ ስለዚህ የሁለት ሰዓሊ ስራ ባይመሳሰልም ቃሉን እስከጠበቁ ድረስ ሁለቱም ልክ ናቸው። ለመለማመጃ ግሪማልዲዎችን የመረጥኩት ቤተሰቡ ዛሬም ሞናኮን ስለሚገዛ ነው፣ ደሞ ጋሻቸው ላይ አንበሳ ምናምን የለም፣ እጃችሁ ብዙ ባይፈታም ትችሉታላችሁ።

1. ቃሉን ያዙ። የጋሻው መግለጫ ረዘም ባሉ ዳይመንዶች የተሞላ፣ ብርና ቀይ የሚል ነው፣ አለቀ። ብር ሲባል ግን ብልጭልጭ ማርከር እንዳትገዙ፣ በአብዛኛው ነጭ ሆኖ ነው የሚሳለው፣ ወርቅም እንደዛው ቢጫ ይሆናል። ወርቅና ብር ሜታል ይባላሉ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ የመሳሰሉት ደግሞ ቀለም፣ የድሮው ህግ ቀለም በቀለም ላይ ሜታል በሜታል ላይ አታስቀምጥ ይላል፣ ቀይ ጋሻ ላይ ሰማያዊ ወፍ ብትስሉ ከሩቅ ማን ይለየዋል?

2. ጋሻውን ሳሉና ዳይመንዶቹን አውጡ። አንድ በአንድ አትሳሏቸው፣ ታብዳላችሁ። በማስመሪያ ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ብለው የሚወርዱ ሰያፍ መስመሮች እኩል እኩል አስምሩ፣ ከዛ በተቃራኒው፣ ሲቆራረጡ ዳይመንዱ ራሱ ይወጣል። ጠርዝ ላይ ግማሽ ሆነው የሚቀሩ አሉ፣ ተዉአቸው።

3. ቀለም። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩ ጊዜ አግድሞሹን እያየሁ አንድ ቀይ አንድ ነጭ እያልኩ ቀባሁት፣ ስጨርስ ጋሻው ሙሉ ዘንበል ያለ መስመር መስመር ሆኖ ቁጭ፣ የፀጉር ቤት ምልክት ነው የመሰለው። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ጎን ለጎን ሆነው ጫፍ ለጫፍ የሚነካኩት ሁሉ አንድ ቀለም ናቸው፣ ጎናቸውን የሚጋሩት ናቸው የሚለያዩት። እርሳስ ብቻ ካላችሁም ችግር የለም፣ ጀስዊቱ (የካቶሊክ ማህበር አባል ነው) ሲልቬስትሮ ፔትራ ሳንክታ በፈረንጆቹ 1638 ባሳተመው መጽሐፍ የተስፋፋ ዘዴ አለ፣ ቀይ ቁልቁል መስመር፣ ሰማያዊ አግድም መስመር፣ ወርቅ ነጠብጣብ፣ ብር ባዶ።

4. መነኮሳቱ። እኔ የምወደው ቦታ ይሄ ነው። ጋሻውን ግራና ቀኝ የያዙት ሁለት የፍራንሲስካን መነኮሳት ናቸው፣ ፂማቸውን ያሳደጉ፣ ጫማ ያደረጉ፣ እያንዳንዳቸው ሰይፍ ወደ ላይ የመዘዙ። መነኩሴና ሰይፍ ምን አገናኛቸው ካላችሁ፣ ጥር 8 ቀን 1297 በፈረንጆቹ ፍራንሲስኮ ግሪማልዲ፣ በቅጽል ስሙ ተንኮለኛው የሚሉት፣ የፍራንሲስካን ልብስ ለብሶ የሞናኮን ምሽግ በር አስከፍቶ ገባ ይባላል፣ ሰይፉ ከቀሚሱ ስር ነበር። ስለዚህ ስትስሏቸው ፊታቸውን የዋህ አታድርጉት፣ ወገባቸው ላይ ገመዱን አትርሱ። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ አርማ ላይ ቀኝ የሚባለው የእናንተ ቀኝ ሳይሆን ጋሻውን የያዘው ሰው ቀኝ ነው፣ ማለትም በእናንተ በኩል ግራው፣ መግለጫ ስታነቡ እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው።

5. የቀረው ቶሎ ያልቃል። ከመነኮሳቱ እግር ስር ጥብጣብ፣ እሱ ላይ «ዴኦ ዩቫንቴ»፣ በእግዚአብሔር ረዳትነት ማለት ነው። በጋሻው ዙሪያ የቅዱስ ቻርልስ ኒሻን ሀብል፣ ኒሻኑ በ1858 የተመሰረተ ነው። ከኋላ ውስጡ ነጭ ፀጉር የሆነ ቀይ ካባ፣ ከላይ ዘውድ።

6. ባንዲራው። ሙሉውን አርማ ነጭ ጨርቅ ላይ ካስቀመጣችሁት የመንግስቱ ባንዲራ ነው፣ ቤተ መንግስቱ ላይ የሚታየው። ህዝቡ የሚይዘው ግን ከ1881 ጀምሮ ከጋሻው ሁለቱ ቀለሞች ብቻ ተወስደው የተሰራው ነው፣ ከላይ ቀይ ከታች ነጭ። ቁመትና ወርዱ 4 ለ 5 ነው፣ ማለትም 16 ሳንቲ ቁመት ካደረጋችሁ 20 ሳንቲ ርዝመት፣ እያንዳንዱ ቀለም 8 ሳንቲ። 2 ለ 3 አድርጋችሁ ከቆረጣችሁት የኢንዶኔዥያ ሆነ ማለት ነው፣ ገልብጣችሁ ከሰቀላችሁት ደሞ ፖላንድ ነው የሚመስለው።