የጠበቃችሁት ቀጣይ ክፍል ሲወጣ፦ ሲኒማ ቤት ወይስ ሳሎን?

ለዓመታት የጠበቃችሁት ፊልም ቀጣይ ክፍል ወጣ እንበል። ፍልሚያው፣ በረራው፣ ፍንዳታው የበዛ ከሆነ ሳታመነቱ ሲኒማ ቤት ግቡ። ደረት ድረስ የሚሰማ ድምፅ ከቴሌቪዥን ስፒከር አይገኝም። ወንበር ስትመርጡ ከአዳራሹ መሃል ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከግራም ከቀኝም እኩል የሆነውን ያዙ። ድምፁ በአብዛኛው የሚስተካከለው እዚያ አካባቢ ለሚቀመጥ ሰው ነው። የፊት ረድፍ አንገት ያማል፤ ይቅርባችሁ። የመጀመሪያውን ክፍል ደግሞ ዋዜማውን ቤት ሆናችሁ ድገሙት። ማን ከማን እንደተጣላ ረስቶ መግባት ደስታውን ግማሽ ያደርገዋል።

ፊልሙ ንግግር የሚበዛበት ከሆነ፣ ወይም ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ፣ ቤት እስኪመጣ ብትጠብቁ ብዙ አይቀርባችሁም። ብቻ ከመጀመራችሁ በፊት የቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን አማራጭ አጥፉት። ፊልም በአብዛኛው የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ምስል ነው። ቴሌቪዥኑ በየመሃሉ የራሱን ምስል ሲጨምርበት ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ሥራ ተራ የቲቪ ድራማ ይመስላል። በጣም ያሳዝናል! መብራቱንም አጥፉ፣ ስልካችሁንም ሌላ ክፍል ተዉት።