ስለ «ፕራይሚቫል» አስተያየት ከመስጠታችሁ በፊት

«ሲሪየሱ እንዴት ነው?» ስንባል አብዛኞቻችን «አሪፍ ነው» ወይም «ይደብራል» ብለን እናልፋለን። የጠየቀው ሰው ግን ምንም አልያዘም። ልየው ወይስ ይቅርብኝ ብሎ ለመወሰን እንኳን አይረዳውም። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል፤ በተለይ ወሬው ስለ «ፕራይሚቫል» ሲሆን፣ ምክንያቱም ስለዚህ ድራማ ብዙ የሚባል ነገር አለ፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ከማንም በላይ።

ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ ነው። አይቲቪ የተባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጣቢያ በ2007 ጀመረው፣ በ2011 አለቀ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። 5 ሲዝን፣ በድምሩ 36 ክፍል። በጊዜ መሀል የሚያብረቀርቅ ቀዳዳ ይከፈታል፣ «አኖማሊ» ይሉታል፣ በዚያ በኩል ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የጠፉ አውሬዎች ዛሬ እንግሊዝ አገር ውስጥ ይገባሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ገና ካልደረሰ ዘመን ነው የሚመጡት። ፕሮፌሰር ኒክ ከተርና ቡድኑ እየተከታተሉ ወደ መጡበት ሊመልሷቸው ይጥራሉ። ከድራማው ፈጣሪዎች አንዱ ቲም ሄንስ ነው። ሰውየው በ1999 ቢቢሲ ላይ የወጣውን ታዋቂ የዳይኖሰር ዘጋቢ ፊልም የሠራ ነው፤ ስለ ጥንት እንስሳት የሚያውቀው ብዙ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ፣ የሌላ ሰው አስተያየት ሳታነቡ እዩት። ሲዝን 1 ስድስት ክፍል ብቻ ነው። በአንድ እሁድ ያልቃል። የሰው አስተያየት አስቀድማችሁ ካነበባችሁ የራሳችሁን ስሜት መለየት ይቸግራችኋል።

ስታዩ ማስታወሻ ያዙ። ይሄን የተማርኩት አምና ክረምት አራት ኪሎ አካባቢ አክስቴ ቤት ተሰብስበን ስናይ ነው። ክፍሉ መሀል ላይ መብራት ሄደ። ሻማ አብርተን ክርክር ጀመርን፣ ግን ከሁለት ሳምንት በፊት ያየነውን ማንም በደንብ አያስታውስም፤ አንዱ የሲዝን 1ን ታሪክ ከሲዝን 2 ጋር ደባልቆ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ረጅም አይደለም። የትኛው እንስሳ፣ ምን አደረገ፣ እኛስ ምን ሆንን። ለምሳሌ ስለ ሲዝን 1 ክፍል 2 የጻፍኩት ይሄን ብቻ ነው፦ «የለንደን ምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ። አርትሮፕሉራ። ጨለማና ብዙ እግር። አክስቴ ሁለት እግሯን ሶፋው ላይ ሰቀለች፣ እስኪያልቅ አላወረደችም።» (አርትሮፕሉራ ብዙ እግር ያለው ግዙፍ የጥንት ፍጥረት ነው።) ይቺ ማስታወሻ «በጣም ያስፈራል» ከማለት ትበልጣለች። ሰሚው ራሱ ይፈርዳል።

ቀጥሎ፣ ምኑን እንደወደዳችሁና ምኑን እንደጠላችሁ ለዩ። አውሬዎቹ አንድ ነገር ናቸው፣ ታሪኩ ሌላ፣ ሰዎቹ ደግሞ ሌላ። አንድ ጓደኛዬ ከሲዝን 3 በኋላ «ተበላሽቷል» እያለ ሲምል ከረመ። ቁጭ አድርገን ስንጠይቀው አውሬዎቹ ላይ ምንም ቅሬታ የለውም፣ ታሪኩንም ይከታተላል። ያዘነው በአንድ ሰው መሄድ ብቻ ነው። ታዲያ እሱን አትልም? «እገሌ ከወጣ በኋላ ልቤ አልተመለሰም» ማለት ሐቀኛ አስተያየት ነው። «ተበላሽቷል» ግን የብዙ ሰው ልፋት ላይ ውኃ መቸለስ ነው።

አሁን ወደ አውሬዎቹ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። የሚታየውን ሁሉ ዳይኖሰር አትበሉ። በመጀመሪያው ክፍል የምናየው ጎርጎኖፕሲድ ዳይኖሰር አይደለም። ዘመዶቹ የጠፉት ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው፣ ዳይኖሰር ገና ሳይመጣ፤ እንዲያውም በዝምድና ለእኛ ለአጥቢዎቹ ይቀርባል። ባሕር ውስጥ ያለው ሞሳሶርና የሚበረው ቴራኖዶንም ዳይኖሰሮች አይደሉም፣ በእነሱ ዘመን የኖሩ ተሳቢዎች ናቸው። አርትሮፕሉራ ደግሞ በእውነት ከ2 ሜትር በላይ ይረዝም ነበር፣ ግን ሳይንቲስቶች ዕፅዋት ይበላ እንደነበር ነው የሚገምቱት። መርዛማ ንክሻውን የጨመረበት ድራማው ነው። ይሄን መጨመሩ በራሱ ጥፋት አይመስለኝም። እናንተ ግን የቱ እውነት፣ የቱ ፈጠራ እንደሆነ ስታውቁ አስተያየታችሁ ክብደት ያገኛል። ከሌሊት ወፍ የመጣውን የወደፊቱን አዳኝ ግን በቅሪተ አካል ልትመዝኑት አትችሉም። እሱን በራሱ ሕግ መዝኑት፤ በድምፅ ነው የሚያድነው ካሉን፣ በየክፍሉ እንደዚያ ያደርጋል ወይ?

የኮምፒውተር ሥዕሉን ከዛሬ ፊልም ጋር አታወዳድሩ። በ2007 ለቴሌቪዥን የተሠራ ነው።

ስፖይል ማድረግን በተመለከተ ደግሞ እለምናችኋለሁ፣ ተጠንቀቁ። የሲዝን 1 መጨረሻ፣ የሲዝን 3 ክፍል 3 እና የሲዝን 3 መጨረሻ፣ እነዚህን ሦስቱን ለማንም አትንገሩ። ስለ እነሱ ስትጽፉ ከላይ ማስጠንቀቂያ አድርጉ። እኔም እዚህ ላይ ላስጠንቅቅ። ሲዝን 3ን ያልጨረሳችሁ የሚቀጥሉትን ሦስት አንቀጾች ዝለሉና ወደ መጨረሻው አንቀጽ እለፉ።

በሲዝን 3 መጨረሻ የፕሮፌሰር ኒክ ከተር ሚስት የነበረችው ሄለን ከተር በጊዜ ወደ ኋላ ትሄዳለች። የሰው ልጅ ምድርን ያጠፋል ብላ ስለምታምን ቅድመ አያቶቻችንን ከመነሻቸው ልታጠፋቸው ነው። የምትሄደው ስምጥ ሸለቆ ነው። የቦታው ስም ሳይት 333። አክስቴ ቡና እየቀዳች ነበር። ጀበናውን እንደያዘች ቆመችና «ይሄ የእኛ አገር አይደለም እንዴ?» አለች። ልክ ናት። በ1975 አፋር ውስጥ ሀዳር ላይ፣ 333 የሚል ቁጥር በተሰጠው ቦታ፣ ቢያንስ የ13 ግለሰቦች አጥንት አንድ ላይ ተገኝቷል፤ ትልልቆችም ሕፃናትም ነበሩበት። «የመጀመሪያው ቤተሰብ» ተባሉ። የድንቅነሽ ዘመዶች ናቸው፣ እሷ ከተገኘች በዓመቱ፣ እዚያው ሀዳር ላይ የተገኙ።

ስለዚህ ስለዚያ ክፍል አንድ ቃል ከመናገራችሁ በፊት ብሔራዊ ሙዚየም ሂዱ። ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። እኛ በማግስቱ ሄድን፣ አክስቴም ነጠላዋን አጣፍታ አብራን። ለሕዝብ የሚታየው የድንቅነሽ አጥንት ቅጂ ነው፣ ዋናው በጥንቃቄ ተቀምጧል። ቢሆንም ፊቷ ስትቆሙ ነገሩ ይለያል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነው። አንድ ተማሪ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ከጎኗ ቆሞ በእጁ ቁመቱን ከቁመቷ ጋር ይለካ ነበር፣ በጭንቅላት ይበልጣታል። አክስቴ ለረጅም ጊዜ አየቻትና «እቺን ነው ሊያጠፏት የነበረው?» አለች። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚባለው ቁጥር ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ከዚያ በፊት ስለ ሄለን «ዕቅዷ የማይረባ ነው፣ ጸሐፊዎቹ ሐሳብ አልቆባቸው ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ቤት ስመለስ አጠፋሁት። በምትኩ ያስቀመጥኩት ይሄ ነው፦ «ሦስት ሲዝን ሙሉ አውሬ ስፈራ ቆይቼ፣ በመጨረሻ ለእነዚያ ለትንንሾቹ ሰዎች ነው የፈራሁት። ድራማው ስለ ቦታው ብዙ አይነግረንም፣ ይሄ ቅር ይለኛል፣ አፋርን ቢያሳዩን ደስ ይለኝ ነበር። ግን 333ን መምረጣቸው ያጠኑ ሰዎች መሆናቸውን ያሳያል።»

እናንተም ስትጽፉ ከአንድ ካያችሁት ነገር ጀምሩ። ያልወደዳችሁትን በቦታው ጥሩት፣ ሲዝኑንና ክፍሉን ጨምራችሁ። አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሐሳባችሁ ከተቀየረ የድሮውን ለማረም አትፈሩ። ሲዝን 4ን ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ይሄን እወቁ፤ አይቲቪ በ2009 ድራማውን ሰርዞት ነበር፣ ከሌሎች ጣቢያዎች ጋር በሽርክና ነው በ2011 የተመለሰው። ብዙ ፊት ተቀይሯል። እኛ የሚቀጥለው እሁድ እንጀምረዋለን፣ አክስቴ ከአሁኑ ቡናውን ለቅማ አስቀምጣለች።