ዓይን የሚያፈዝ ፊልም እንዴት ይገመገማል?

አንድ ቅዳሜ ጅማ ፈረንጅ አራዳ፣ ጓደኛዬ ቤት ተሰብስበን ፊልም አየን። የታርሴም ሲንግ «ዘ ፎል» ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው። ገና ሳያልቅ «ምስሉ ያምራል፣ ታሪኩ ግን ባዶ ነው» አልኩ። የጓደኛዬ ታናሽ እህት ቡና እየቀዳች «ነርሷና ልዕልቷ አንድ ሰው መሆናቸውን አላየህም እንዴ?» አለችኝ። አላየሁም። አሁን እንደምነግራችሁ ማየት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ስልክ ላይ አትዩት። ላፕቶፑንም ቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉ፤ ዝናቡ ሲጀምር መብራቱ ምን እንደሚሆን የጅማ ሰው ያውቃል። ትርጉም ፊልም ለአክሽን ግሩም ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ታሪክ በታሪክ ውስጥ ሲሆን ግን ተርጓሚው ሁሉንም በአንድ ድምፅ ስለሚያወራው ተራኪው ማን እንደሆነ ይጠፋችኋል።

የመጀመሪያውን ጊዜ ዝም ብላችሁ እዩ። መፍዘዝም ይፈቀዳል።

ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ምስሉ የማን እንደሆነ መለየት። በ«ዘ ፎል» ሮይ የሚባል ስታንትማን (አደገኛውን ትዕይንት በተዋናዩ ፈንታ የሚሠራ ሰው) ፊልም ሲሠራ ተጎድቶ ሆስፒታል ተኝቷል። ዘመኑ ገና ፊልም ድምፅ ያላወጣበት ነው። ብርቱካን ስትለቅም ወድቃ ክንዷ ለተሰበረ አሌክሳንድሪያ ለምትባል ትንሽ ልጅ ተረት ይነግራታል። እሱ «ኢንዲያን» ሲል በልቡ የያዘው የአሜሪካን ቀይ ህንድ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ግን ጥምጣም ያሰረ የህንድ አገር ሰው! ልጅቷ የምታውቀው ህንዳዊ አብሯት ብርቱካን የሚለቅመውን ነዋ። ቃሉ የሱ ነው፣ ምስሉ የሷ።

ይሄ ለኛ እንግዳ አይደለም። አያቴ «ተረት ተረት» ብላ «አንድ ንጉሥ ነበረ» ስትል፣ ንጉሡ የየትም አገር ይሁን፣ እኔ የማስቀምጠው ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት በረንዳ ላይ ነበር። ሌላ ቤተ መንግሥት የት አውቄ?

ስለዚህ ሁለተኛ ስታዩ ደብተር ያዙ። ገጹን ለሁለት ክፈሉት፤ በአንድ በኩል የሆስፒታሉን ሰዎች፣ በሌላው የተረቱን። ነርሷ ልዕልት ሆናለች፣ በረዶ የሚያመላልሰው ሰው ጀግና ሆኗል። ግን እዚህ አትቁሙ። እኔ ሰው ከሰው ሳዛምድ አመሸሁና ፊልሙን እንቆቅልሽ አድርጌው ቀረሁ። ዋናው ጥያቄ፣ ውጭ ያለው ሲለወጥ ውስጥ ያለው ይለወጣል ወይ ነው። ሮይ ተስፋ ሲቆርጥ የተረቱ ጀግኖች አንድ በአንድ ይሞታሉ። ልጅቷ ስታለቅስና ስትለምነው ደግሞ ተረቱ መንገድ ይቀይራል። ሁለቱ ካልተነካኩ ግን ውበቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፖስተር ነው።

ስለ ምስሉ አንድ ነገር ልበል። ሰዎች «ኮምፒውተር ነው የሠራው» ብለው ያልፉታል። ይሄ ፊልም ግን በ4 ዓመት ውስጥ ከ20 በላይ አገሮች እየተዞረ፣ እውነተኛ ቦታ ላይ የተቀረጸ ነው። የህንዷ ከተማ የጆድፑር ሰማያዊ ቤቶች አሉ፣ ቻንድ ባኦሪ የሚባለው የህንድ ጥንታዊ የውኃ ጉድጓድ ደረጃዎችም አሉ። ይደንቃል። ሆኖም ለድካም ነጥብ አትስጡ። እኔ መሐሉ ላይ ይንዛዛል ባይ ነኝ፣ ጆድፑር አላዳነውም።

አስተያየታችሁን ሳትናገሩ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ከዚያ አንድ ትዕይንት ድምፁን አጥፍታችሁ ድገሙ። እኔ ሮይ ለልጅቷ የመድኃኒት ስም የሚጽፍበትን ደገምኩ። «ሞርፊን» ብሎ በእንግሊዝኛ (MORPHINE) ይጽፍላታል። እሷ የመጨረሻዋን «ኢ» ቁጥር 3 አድርጋ ታነባትና 3 ፍሬ ብቻ ታመጣለታለች። ያው የህንዳዊው ነገር ነው፤ እሱ አንድ ነገር ይላል፣ እሷ በራሷ ዓይን ታየዋለች።

ደስ ብሎኝ ለጓደኛዬ እህት ልነግራት ሄድኩ። «እሱንማ የዚያን ቀን አይቼዋለሁ» አለችኝ።